አርባ ሦስተኛዋ ወረቀት

እትዬ እንቁ ባዶ ቦታ አይወዱም። ወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሁለተኛ ክፍል ሲያስተምሩ ያዘጋጁት መልመጃ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ጢም ያለ ነው፦ በአንድ ገጽ ሃያ አራት ጥያቄ፣ ዙሪያውን የአበባ ሐረግ፣ ከአበባው በተረፈችው ጥግ ደግሞ «መልካም ዕድል!»። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። እኔ ከጎናቸው ባለው ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ሁለታችንም በማባዣ ዘመን የጀመርን ነን። ያኔ የማባዣው ሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉ፣ በልመና ነበር የሚሰጠን፣ ጣት የምታህል ቦታ መተው እንደ ብክነት ይቆጠር ነበር።

ማባዣው ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ እትዬ እንቁ ልማዳቸውን ይዘው ተሻገሩ። እንዲያውም ባሰባቸው። ኮምፒውተሩ ስንት ዓይነት የፊደል ቅርጽ እንዳለው ሲያውቁ፣ አንዱንም ላለማስቀየም ይመስል ሁሉንም ተጠቀሙባቸው።

ዘንድሮ ግን ጣጣ መጣ። ልጆቹ መልመጃውን ሳይሠሩ ይመልሱት ጀመር፤ ከአርባ ሁለቱ አሥሩ እንኳ አይጨርሱም። ርእሰ መምህራችን ገብረአምላክ ጠራቸውና፣ «እትዬ፣ እስከ ገና ካልተሻሻለ ክፍሉን ለሌላ እንሰጥና እርስዎ ቤተ መጻሕፍት ይረፉ» አላቸው። በትሕትና ነው ያለው፤ የከፋውም ትሕትናው ነው። ቤተ መጻሕፍታችን ሁለት መደርደሪያና አንድ ጓጉንቸር ነው። ልጅ አይገባበትም።

ለሌላ ሰው ዕረፍት ይሆን ነበር። ፒያሳ የነበረው የእትዬ እንቁ ግቢ ለልማት ሲነሣ ግን ጎረቤቱ ሁሉ በከተማው ዳር ዳር ተበትኗል። እሳቸው ከክፍላቸው ላለመራቅ ብለው አፍንጮ በር አንዲት ክፍል ተከራዩ። አላገቡም፤ አንድ ወንድማቸውን አምና ቀብረዋል። በቀን ውስጥ የሚጠሯቸው ሰዎች እነዚያ አርባ ሁለት ልጆች ናቸው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ከቤቴ ቤታቸው የአሥር ደቂቃ መንገድ አይሞላም፤ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብዬ አላውቅም።

ሕሊናዬን ለማስታገስ ይመስለኛል፣ አንድ ቅዳሜ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ወዳለችው የየሲን ሱቅ ይዣቸው ወረድኩ። የሲን ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ዋና ሙያው ግን የሠርግ ጥሪ ካርድ ነው። መልመጃውን ከፍ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ቲቸር፣ ይቺ ወረቀት እኮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድልድዩን ነው የምትመስለው። ማለፊያ የላትም!»

«ወረቀት ውድ ነው፣ ልጄ።»

«ይሁን። ግን እኔ ካርድ ላይ የሙሽሮቹን ስም፣ የወላጆቻቸውን ስምና የአዳራሹን አድራሻ እኩል ባደምቀው፣ ሰዉ ማን ማንን እንዳገባ ሳይገባው በልቶ ይሄዳል።»

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ አበባውን አጠፋው። እትዬ እንቁ ፊታቸውን አዞሩ። ርእሱን አጎላ፣ የቀረውን በአንድ ዓይነት ፊደል አደረገው፣ ጥያቄዎቹን ሁሉ ከአንድ ጠርዝ አስጀመረ። ገጹ ግርጌ ታጭቆ የነበረውን መልስ መጻፊያ አምጥቶ በየጥያቄው ሥር አስጠጋው። ከዚያ መስመሩን ሊያሰፋ ሲል ቆም አለና፣ «ልጆቹ አንድ ፊደል ምን ያህል አድርገው ነው የሚጽፉት?» ሲል ጠየቃቸው።

በሁለት ጣታቸው ለክተው አሳዩት። ጣታቸውን አዩ፤ የድሮ ወረቀታቸውን አዩ። በእሳቸው መስመር ላይ ያ ፊደል በምንም ተአምር አይገባም። ልጆቹ ያልሠሩት ሰንፈው አልነበረም።

ከሃያ አራቱ ጥያቄ ገጹ ላይ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው።

«ይኼ የተረፈው ቦታስ?» አሉ።

«ይቀመጥ።»

«ባዶውን?»

«ባዶውን፣ ቲቸር። ዓይን ይረፍበት።»

ዳገቱን ስንወጣ አኩርፈው ነበር። «ቤቱም ባዶ፣ ወረቀቱም ባዶ» ብለው አጉተመተሙ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

ግን እትዬ እንቁ ሠሩበት። ከሳምንት ሳምንት የሚመለሰው ወረቀት እየሞላ መጣ። ገና ሲቃረብ ገብረአምላክ ራሱ መጥቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። የዚያን ቀኑ መልመጃ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረችው። ከላይ የቤት ሥዕል፣ ከሥሩ «ቤታችሁ ውስጥ ማን ማን አለ?»፣ ከዚያ ስድስት ሰፋፊ መስመሮች። ልጆቹ አቀርቅረው ጻፉ። አንዱ ድመቱን ከነስሟ ጨመረ፤ አንዷ የአክስቶቿን ልጆች ስትቆጥር መስመር አለቀባትና ወደ ጀርባው ገለበጠችው። አርባ ሁለቱም ጨረሱ። ገብረአምላክ ሲወጣ እጃቸውን ጨብጦ፣ «ክፍሉ የእርስዎ ነው» አላቸው።

እንኳን ደስ አለዎት ልል በዕረፍት ሰዓት ገባሁ። እትዬ እንቁ የጠመኔ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጥተዋል። የአስተማሪ ነገር ሆኖብኝ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ቆጠርኩ። አርባ ሦስት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ።

የመጨረሻዋ ሁላችንም በምናውቀው ውብ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈች ናት። ስም፦ እንቁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ «እኔ» ይላል። አምስቱ መስመሮች ባዶ ናቸው።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆመዋል።

«ያቺ ትንሿ ሊያ ናት ያሠራችኝ» አሉ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ። «‹ቲቸር፣ እርሶም ይሥሩ› አለችኝ። ልጅ እምቢ ይባላል?»

ምን ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ። «ዛሬ እኛ ቤት ይምጡ» ነው ማለት የነበረብኝ። አፌ ያወጣው ግን ሌላ ነው።

«የገጹ አሰላለፍ ያምራል» አልኩ።

«አዎ» አሉ፤ ወረቀቷን አንሥተው ከሌሎቹ ሥር ከተቷት። «የሲን እውነቱን ነው። ዙሪያው ባዶ ሲሆን ያለው ነገር ጎልቶ ይታያል።»

ደወል ተደወለና ወደ ክፍሌ ሄድኩ።