ስድስተኛው ክልክል

ቀኑ ጃንዋሪ አሥራ አንድ፣ 1971 ነበር። ነበር እንዴ? ያቮን ስታዘርስ ሰኞ ነው ብላ ትምላለች። ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ስለነበር የሰፈሩ ገመድ ሁሉ አንሶላና ሸሚዝ ተሸክሞ፣ የእነሱ ግቢ ገመድ ብቻ ባዶውን ሲወዛወዝ ዛሬም ይታያታል። ባል ባሕር በሚወጣበት ቀን ልብስ አይታጠብም፤ ያጠበች ሴት ባሏን ማዕበል አጥቦ ይወስድባታል። መሳቢያዋ ውስጥ ያለው የጋዜጣ ቁራጭ ግን የአባቷ መርከብ የወጣው ማክሰኞ ነው ይላል። ጋዜጣው ይሳሳት ወይስ ያኔ ስድስት ዓመቷ የነበረው የእሷ ዓይን፣ የሚያውቅ የቀረው አንድ ሰው ነበር፤ ዊልፍ ብሌንኪን።

ዊልፍ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሠላሳ ክረምት በአይስላንድና በኖርዌይ ውሃ ላይ አሳልፏል። የዓሣው ሥራ ሲሞት ፋብሪካ ገብቶ በመኪና የሚጎተቱ የመዝናኛ ቤቶች ሲገጣጥም ኖረ። ጡረታ ወጥቶ ሚስቱም ከሞተች በኋላ፣ እንግሊዝ አገር ሀል ወንዝ ዳር ታስራ ሙዚየም የሆነችውን «ሄሮን» የተባለች አሮጌ የዓሣ መርከብ ለጎብኚ ማሳየት ጀመረ። ያቮን ከመርከቧ መወጣጫ ሥር ባለችው ጎጆ ውስጥ ቲኬት ትቆርጣለች። አጎቴ ነው የምትለው። የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ በዓሣ አጥማጆቹ በሄስል ሮድ ሰፈር ግን ከአባትሽ ጋር በአንድ መርከብ የተሳፈረ ሁሉ አጎትሽ ነው።

የዊልፍ ጉብኝት ሁልጊዜ የሚያበቃው ከታች፣ ምግብ ማብሰያው ክፍል ውስጥ ነው። ጎብኚዎቹን ጠባቡ አግዳሚ ላይ አጠጋግቶ ያስቀምጥና ክልክሎቹን በጣቱ ይቆጥራል።

«አንድ፣ ባሕር በሚወጣበት ቀን ልብስ አይታጠብም። ሁለት፣ አረንጓዴ አይለበስም። ሦስት፣ መርከብ ላይ አሳማ በስሙ አይጠራም። አራት፣ አይፎጨም፤ ፉጨት ነፋስ ይጠራል። አምስት፣ ሚስት ወደብ ድረስ አትሸኝም፣ እጇንም አታውለበልብም።»

«ሴት መርከብ ላይ ከወጣችስ?» ይላል አንዱ ቀልደኛ።

«እሱ ቀርቷል። ቲኬትህን የቆረጠችልህ ማን ሆነችና? ካልወደደችህ ወንዙ ቅርብ ነው።»

«ሰምቼሃለሁ፣ አጎቴ» ትላለች ያቮን። የዚያ ክፍል የአየር ማስገቢያ ቱቦ አፉ ወደ ጎጆዋ የዞረ ስለሆነ ከታች የሚወራው ሁሉ ይደርሳታል፤ እሷም የምትለው እዚያ ይሰማል።

«እንድትሰሚ አይደል የተናገርኩት!»

ስምንት ዓመት ሙሉ አምስት ሲቆጥር ሰማችው።

ባለፈው ሴፕቴምበር፣ የዕረፍት ቀኗ በሆነ ሐሙስ፣ ጎጆው ውስጥ የረሳችውን መነጽር ልትወስድ መጣች። ቁልፉን ስታዞር የዊልፍ ድምፅ በቱቦው መጣ። አምስተኛውን ጨርሷል። ቀጠለ።

«ስድስት፣ ከደጃፍ የወጣን ሰው ከኋላው አይጠሩትም። የረሳው ነገር ካለ ይቅርበት።»

«ቢጠሩትስ?» አለች አንዲት ጎብኚ።

«አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም» አለ። «በሉ፣ ስትወጡ ጭንቅላታችሁን ዝቅ። ይቺ መርከብ ረጅም ሰው አትወድም።»

ያቮን መነጽሯን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ያን ሰኞ ጠዋት አባቷ የሱፍ ጓንቱን ጠረጴዛ ላይ ረስቶ ነበር የወጣው። ወደ ወደቡ የሚወስዳቸው ታክሲ በር ላይ ቆሟል፤ ዊልፍ ያኔ ጎልማሳ ነው፣ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። እሷ በካልሲዋ ሮጠች። «አባዬ! ጓንትህ!» አባቷ ቆመ፤ ተመልሶ መጣና ጓንቱን ከእጇ ተቀብሎ አናቷን ሳማት። ዞር ስትል እናቷ አፏን በእጇ ይዛ አየች። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ከኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ ወዲያ፣ ማዕበል አባቷን ከመርከቡ ወለል ላይ ጠርጎ ወሰደው። እናቷ ያን ጠዋት አንድም ቀን አንስታው አታውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ሞተች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ልጅቱ ይህን ማንም ሳይነግራት አወቀች። ከዚያ ወዲህ ያቮን ሰው ከኋላው ጠርታ አታውቅም። የገዛ ልጆቿ ምሳቸውን ረስተው ሲወጡ እንኳ፣ በጓሮ ዞራ ሮጣ ቀድማቸው ፊት ለፊታቸው ትቆም ነበር። ልጆቹ እናታችን ስፖርት ትወዳለች ይሉ ነበር።

ዊልፍ አይቷል ማለት ነው። አይቶም ስምንት ዓመት አንዱን ክልክል ከጆሮዋ ደብቆላታል። እሷ ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ አባቷ ታክሲው ውስጥ ከገባ በኋላ ምን አለ? ስቆ ከሆነ፣ እሷም ዕድሜዋ ሳያልፍ ትስቅበታለች። ዝም ብሎ ከሆነ ግን፣ እነዚያን አሥራ ዘጠኝ ቀናት በእሷ ጥሪ ምክንያት ሲፈራ ነው የሠራው።

ዛሬ ነገ ስትል የኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። «ሄሮን» ለሦስት ዓመት ጥገና ልትጎተት ነው። ዊልፍም ጉልበቱ መሰላል እምቢ ስላለው ብሪድሊንግተን ከተማ ያለችው ልጁ ጋ ሊገባ ነው። ያቮን የመጨረሻዎቹ ጎብኚዎች ሲሄዱ ሁለት ፓቲ ገዛች፤ ድንቹ በሊጥ ተጠብሶ ዳቦ ውስጥ የሚገባውን። መርከቧ ላይ ወጥታ ወለሉ ላይ ባለው አግዳሚ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱም ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳላት።

«ጨዋማውን ቅመም ረስተውታል» አለ።

«አልረሱም። እኔ ነኝ ተዉት ያልኳቸው። ሐኪም ጨው ከልክሎህ የለ?»

«ሐኪሙ የሊድስ ከተማ ሰው ነው፤ ስለ ፓቲ ምን ያውቃል።»

ሳቀች። ከዚያ ቀለል ካለው ጀመረች። «አጎቴ፣ የአባቴ መርከብ የወጣው ሰኞ ነው ማክሰኞ?»

ዊልፍ ማኘኩን አቆመ።

«ከቤት የወጣነው ሰኞ ነው። ሞተሩ አስቸግሮን መርከቡ ማክሰኞ ወጣ።»

«ሁለቱም ልክ ነው በለኛ።»

«ሁለቱም ልክ ነው።» ፔርሙዙን ከድኖ አጠገቡ አስቀመጠው። ከዚያ እጇን አየ። «እጅሽ ቀልቷል፣ ልጄ። ጓንት የለሽም?»

ያቮን ልትጠይቀው ዞረች። አፏን ስትከፍት ከታች ከመንገዱ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። የዊልፍ ልጅ ናት፤ መንገዱ ላይ መቆም ስለማይፈቀድ ሞተሩን አላጠፋችም። ዊልፍ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። የሄስል ሮድ ሰው ደህና ሁኚ አይልም።

«በይ እንግዲህ» አለ፣ ባርኔጣውንም ወደ ግንባሩ ዝቅ አድርጎ በመወጣጫው ወረደ።

ያቮን ጎኗን ስታይ ፔርሙዙ አግዳሚው ላይ ቀርቷል። አነሣችው። እሱ ዳርቻው ላይ ደርሶ ነበር፤ ጀርባው ሰፊ፣ እርምጃው አዝጋሚ፣ አንድ ቃል ቢሰማ የሚዞር። ከንፈሯን ገጥማ በመወጣጫው ቁልቁል ሮጠች፤ ዞራ ፊት ለፊቱ ልትቆም። ጎጆዋን ስታልፍ የመኪናው በር ተዘጋ። አልጠራችም። መኪናው ወደ ድልድዩ ታጠፈ፤ ዊልፍም እንደ ሰፈሩ ደንብ ወደ ኋላ አላየም።