ዓሣው ማን ነው?

ሲይዙኝ እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። ጠዋት ከባሕር ተመልሼ፣ ጅቡቲ ካርቲየ ሰባት ቢስ በሚባለው ሰፈር ያለችው ቤቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቅርፊት ስፍቅ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ክፉዎች አልነበሩም። አንደኛው እንዲያውም እጄን እንድታጠብ ፈቀደልኝ፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ቧንቧችን ውሃ የለውም። ከነሽታዬ ሄድኩ።

ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ላብ የሚያወጣ፣ መስኮቱ ከራስ በላይ ከፍ ብሎ ፍርግርግ ያለው። ከውስጥ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፤ ከአዲስ አበባ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ወደቡ በር ላይ ከዘበኛ ጋር ተጣልቶ የገባ። አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና ቦታ ለቀቀልኝ።

«ጋሼ፣ ዓሣ ሰርቀው ነው?»

«አይ፣ ዓሣ ጽፌ ነው» አልኩት።

እውነቴን ነበር። ጅቡቲ የመጣሁት በጎልማሳነቴ በወደቡ የዕቃ ማስለቀቅ ሥራ ነው። ጡረታ ስወጣ ሁለት ነገር ቀረኝ፤ መንጠቆዬና ድርሰቴ። መንጠቆው ያበላኛል። ድርሰቱ ግን በየአሳታሚው ደጅ እየዞረ ይመለሳል። አንዱ አሳታሚ «ጋሼ፣ ቋንቋዎ ማር ነው፤ ግን ሰም ብቻ ሆነብኝ፤ ወርቁ የታለ?» አለኝ። ሌላው «ለጾም ወራት እናስበው» ብሎ ቀለደብኝ። ተናድጄ በየዓርቡ ከሰዓት በኋላ ሹፌሮች የሚያርፉበት ሻይ ቤት እየሄድኩ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

በጣም የወደዱት የሜሩን ታሪክ ነበር። ሜሩ እዚህ ሁሉም በፈረንሳይኛ ስሙ የሚጠራው አፈ ሰፊ ትልቅ ዓሣ ነው። የእኔው ሜሩ በወደቡ ድንጋዮች ሥር ተኝቶ የዓሣ አጥማጁን ሁሉ ማባበያ እየበላ ይወፍራል፤ የሚያወጣው ጠፋ። ሹፌሮቹ ሳቁ። ከሚስቁት አንዱ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ ወሬውን ለፖሊስ አደረሰው፦ ወደቡ ሥር ተኝቶ የሰው ሲሳይ የሚበላው ዓሣ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ነው ብሎ።

ክፍሉ ውስጥ ብዙም ሳልቆይ ለምርመራ ጠሩኝ። መርማሪው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነው። አጠገቡ ያለው አስተርጓሚ የአገሬ ሰው፣ በዚያ ሙቀት ከረባት ያሰረ። በልጅነቱ የቅኔ ቤት ደጅ መርገጡን ገና ሳልቀመጥ ነገረኝ።

«ጋሼ፣ ሰሙን ሰምተነዋል» አለኝ፤ «አሁን ወርቁን ይንገሩን። ዓሣው ማን ነው?»

«ዓሣ ነው።»

ወደ መርማሪው ዞሮ ረጅም ንግግር አደረገ። የወደብ ፈረንሳይኛዬ ለዚያ አላነሰኝም። ሐበሻ አንድ ነገር ሲል ሌላ ማለቱ እንደሆነ፣ ይህም የታወቀ ጥበባችን እንደሆነ ያስረዳል። ደረቱ በኩራት ተነፍቷል። እኔ አንዲት ቃል ተናግሬ እሱ ስብከት አወጣላት!

ብሸቅም፣ አልደብቅም፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ስንት ዘመን ወርቅ የለውም የተባለው ድርሰቴ በመጨረሻ ወርቅ የሚያይለት አንባቢ አገኘ። ቦታው ፖሊስ ጣቢያ መሆኑ ነው እንጂ።

አንድ ወረቀት አቀረቡልኝ። «በታሪኩ ውስጥ ያለው ዓሣ» ይልና ነጥብ ነጥብ ያለበት ክፍት ቦታ፣ ከሥሩም ይቅርታ። ስም ከሞላሁ ማታ ቤቴ አድራለሁ። ካልሞላሁ በነጋታው በድንበር እሸኛለሁ። ይህ ነው ያስፈራኝ። አገሬን ጠልቼ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ባሕር ወደሌለበት መመለስ ነው። እስከ አሥር ሰዓት አስብ ብለው ወደ ክፍሉ መለሱኝ።

ሹፌሩ ሁሉንም ከሰማ በኋላ ተጠጋኝ። «እሺ ጋሼ፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር። ማን ነው?»

«አንተም?»

«ታዲያ ዓሣ ብቻ ከሆነ ስለ ምን ታሰሩ?» ትንሽ አሰበና «የሞተ ሰው ስም ይስጧቸው። ሙት አይከሰስ» አለኝ።

ምክሩ ልቤን ነካው። አንድ የሞተ ስም፣ ከዚያ ቤቴ፣ ከዚያ በማለዳ ባሕሬ። ማንን ይጎዳል? ግን ስሙን የጻፍኩ ዕለት ታሪኬ ሐሜት ይሆናል፤ ሐሜት ደግሞ ከሚታማው ሰው ጋር ይቀበራል። ያንን ዓሣ ቅርፊት በቅርፊት የሠራሁት እኔ ነኝ። ለማንም ጭምብል አላደርገውም ብዬ ተቆጣሁ።

«መጀመሪያ ስማው» አልኩትና ታሪኩን በቃሌ ጀመርኩለት።

ሜሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። መንጠቆው ሲነካው ድንጋይ ውስጥ ይገባና ጉንጩን ነፍቶ ይወጠራል። ከጎተትከው ገመዱ ይበጠሳል። መድኃኒቱ ገመዱን ማላላት ነው፤ የሄድክ እስኪመስለው። አንባቢም እንደዚያው ነው። ምሥጢሬን ካልገለጥኩልህ ብለህ ስትጎትተው ይወጠርብሃል። እኔም አላላሁለት፤ ዓሣው ምን እንደሚመስል፣ ውሃው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ብቻ ነገርኩት። መጨረሻው ላይ ሽማግሌው አጥማጅ ገመዱን አላልቶ ሲጠብቅ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሜሩ ጉንጩን ያረግብና ቀስ ብሎ ራሱን ከድንጋዩ ያወጣል። እዚያ ላይ አቆምኩ።

ሹፌሩ ብድግ አለ።

«ይቀስቅሱት እንጂ!»

«ማንን?»

«ሽማግሌውን! ዓሣው ወጣ እኮ! ኧረ በፈጠረዎት ይቀስቅሱት!»

ጠባቂው ዝም በሉ ብሎ በሩን መታ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር። ሹፌሩ ዓሣው ማን ነው ማለቱን ጨርሶ ረስቶታል። በሕይወቴ ከማንም አሳታሚ ያላገኘሁትን ደስታ የዚያን ቀን ከአንድ የተቆጣ ሹፌር አገኘሁ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ወረቀቱን አቀረቡልኝ። ብዕሩን ተቀብዬ በነጥቦቹ ላይ «ዓሣ» ብዬ ጻፍኩ፤ በዓይኑ ዐ እና በንጉሡ ሠ፣ አራሚ እንዳይነካው አድርጌ። ይቅርታ የሚለውን መስመር በሙሉ ሰረዝኩና ፈረምኩ።

«ምን ይላል?» አለ መርማሪው። አስተርጓሚው ከረባቱን እያላላ ወረቀቱን ገለባበጠው።

«ፑዋሶን ነው፣ ሙሴ» አልኩት እኔው በፈረንሳይኛ። «ዓሣ። ሌላ ምንም የለም።»

መርማሪው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ብዕሩን ልመልስለት ስዘረጋ ወደ እጄ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ሳቁ አመለጠው። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ቤትህ ሂድና ታጠብ» አለኝ።

መጽሐፉ ታተመ። በቁጠባዬ አዲስ አበባ አሳተምኩትና የመጀመሪያውን እሽግ ያ ሹፌር ከወንበሩ ኋላ አስቀምጦ አመጣልኝ፤ መንገዱን ሙሉ ረዳቱን ሲያስነብብ እንደመጣ ነገረኝ። ዛሬ በዚህ መስመር የሚመላለሱ ሹፌሮች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌው ነቃ ወይ? ወርቅ የለውም ያለኝ አሳታሚ ሁለተኛውን እትም እኔ ላውጣው ብሎ ደውሎልኛል። ለጾም ወራት እናስበው አልኩት።

በቅርቡ እዚሁ ጅቡቲ ምኒልክ አደባባይ አንድ ካፌ ተቀምጬ መጽሐፌን ስፈርም ያ አስተርጓሚ መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ከረባቱ ያው ነው። አንድ መጽሐፍ ገዛና እንድፈርምለት ገልጦ ሰጠኝ። ከዚያም ዙሪያውን ቃኝቶ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ያ ሁሉ አለፈ። አሁን እንኳ ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ። ማን ነው?»

ብዕሬን አነሳሁና ስሙን፣ ከሥሩም «ዓሣ» ብዬ ጻፍኩለት፤ በዓይኑ ዐ፣ በንጉሡ ሠ።

ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ፊቱ በራ፤ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አድርጎ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

«ገባኝ ጋሼ» አለ። «ገባኝ።»

ደስ ብሎት ሄደ፤ ወርቁን ይፈልግ። እኔ ነገ በማለዳ ድንጋዮቹ ላይ ነኝ።