የመሰወር ሕግ

ባለቤቴና እኔ ቢቸና አንድ ትምህርት ቤት ስናስተምር፣ ከሥራ መልስ የምንጫወተው አንድ ጨዋታ ነበረን። የፈለሰፈው እሱ ነው። ሁለታችንም አንድ ተረት ውስጥ እንገባለን። እኔ የንጉሥ መልእክተኛ ነኝ፤ እሱ ደግሞ በመንገዴ የሚገጥመኝን ሁሉ ይሆናል፤ ሽፍታውንም፣ ወንዙንም፣ ዘንዶውንም። እኔ የማደርገውን እናገራለሁ፣ እሱ የደረሰብኝን ይነግረኛል።

«ንጉሥ ማለቱን ብንተወውስ?» አልኩት አንድ ቀን። ዘመኑ ደርግ ነው፣ የቤታችንም ግድግዳ ስስ ነበር።

«ሊቀ መንበር ልበለው? የሊቀ መንበር መልእክተኛን እኮ ዘንዶ አይደፍራትም። ጨዋታው ያልቅብናል» አለኝ።

መልእክተኛዋ መሰወር ትችላለች። ካለችበት ጠፍታ፣ መንገድ ሳትረግጥ፣ የፈለገችው ቦታ ትገለጣለች። ግን እንዲሁ አይደለም። የምትሄድበትን ቦታ አስቀድማ በዓይኗ ማየት አለባት። ሁለት እጇ ከሚችለው በላይ አትይዝም። ከሁሉ የሚከብደው፣ እዚያ ቦታ ያሉትን አምስት ነገሮች ዛሬ እንዳሉ አድርጋ መጥራቷ ነው። አንዱን ከሳተች ሌላ ቦታ ትወድቃለች፤ የት እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። አንዴ ገበያ መካከል በርበሬ ጆንያ ላይ ጥሎኝ፣ «ስታስነጥሺ ያዙሽ» ብሎኛል።

ወደ ሞጣ ሲዛወር በደብዳቤ ቀጠልነው። ሾፌሮች ያደርሱልን ነበር። ለፋሲካ ሄጄ የተከራያትን ክፍል አይቻት ስለነበር፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ወደዚያው ተሰወርኩ። አምስቱን ጻፍኩ፤ መስኮቱ ሥር አልጋ፣ ከራስጌው የመጻሕፍት ሳጥን፣ ሚስማር ላይ ካፖርት፣ ጥግ ላይ እንስራ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ በርጩማ።

መልሱ አጭር ነበር። «አልደረስሽም። አልጋው እዚያ የለም። የወደቅሽው ጓሮ፣ ጎመኑ መካከል ነው።»

ተናደድኩ። ሊያሸንፈኝ ሲል አልጋውን ያነሣ መሰለኝ። ጽሑፉ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ አለመሆኑን አይቻለሁ፤ ሾፌሩ አስቸኩሎት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሄጄ አልጋው የት እንዳለ በዓይኔ ልየው አልኩ።

በዚያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከአገር አገር አይኬድም። ቀበሌ ስሄድ ጸሐፊው፣ «ለምን ጉዳይ ነው እህቴ?» አለኝ።

«ባለቤቴን ልጠይቅ።»

«ታሟል?»

«የለም፣ ደህና ነው።»

«እንግዲያው ሊቀ መንበሩ ከስብሰባ እስኪመለሱ ጠብቂ። ለታመመ ቢሆን እኔው እጽፍልሽ ነበር።»

ዐሥራ አንድ ቀን ጠበቅኩ።

ሞጣ ስደርስ አከራዩ፣ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም እናት፣ ደጃፉ ላይ ሲያዩኝ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እጄን ይዘው አስገቡኝ። ከተቀበረ ሦስት ቀኑ ነበር። መርዶ ይዞ ወደ እኔ የተላከው የሥራ ባልደረባው፣ እሱም ይለፍ ሲጠብቅ ሰንብቶ፣ የዚያን ዕለት መንገድ ላይ ተላልፎኛል።

አልጋው በሩ አጠገብ ነበር።

«ተስቦ ነው አሉ» አሉኝ። «ወደ ጓሮ መውጣት ሲያቅተው፣ እማማ፣ አልጋዬን ወደ በሩ አስጠጉልኝ አለኝ። እኔና ልጄ ጎትተን አመጣንለት።»

«ምነው ሳይልኩብኝ?»

«ልላክ ብዬው ነበር፣ ልጄ። ፈተና እያረመች ነው፣ አያስደንግጧት አለኝ። ደብዳቤ ጽፌላታለሁም አለኝ።»

ያ ደብዳቤ እንግዲህ ያው ነው። ሕመሙን በጨዋታ ሸፍኖት ይሁን፣ ሳያስደነግጠኝ ሊነግረኝ ፈልጎ ይሁን፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጋው ለምን ተነሣ ብሎ መጠየቅን ሕጉ አይከለክልም ነበር። እኔ አልጠየቅኩም።

«እስከ መቼ ይናገር ነበር?» አልኳቸው።

«እስከ ሐሙስ። መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ቀና ይላል። ከቢቸና ነው የመጣው? ይለኛል። እኔ ምን አውቃለሁ።»

ይለፉ የተፈረመልኝ ቅዳሜ ነው። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኖ መንገዱ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይታያል።