የሆድ ድርቀት መድኃኒቴና አከራዬ

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ! ቀጨኔ በተከራየሁበት ግቢ ያለው መጸዳጃ ቤት አንድ ብቻ ነው። ለከረመው የሆድ ድርቀቴ ሐኪም ሽሮፕ አዘዘልኝና፣ «ከልኩ እንዳታሳልፍ፤ ለሌላ ሰውም እንዳትሰጥ» አለኝ። የክፍሌን ትርፍ ቁልፍ የያዙት አከራዬ እትዬ ዘነበች ጠርሙሱን ሲያዩ፣ «እኔም ሆዴ ደርቋል፤ ቀንስልኝ» አሉኝ።

«ሐኪም ይይዎት እንጂ እትዬ» ብዬ እምቢ ብል፣ «መድኃኒትም ይሰሰታል?» ብለው ለግቢው ሰው ሁሉ አሙኝ። ይሁን፣ ቻልኩት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ፣ በስንት ጊዜዬ ሆዴ እሺ አለኝ። ሶፍት ይዤ ሮጥኩ። መጸዳጃ ቤቱ ከውስጥ ተቆልፏል!

«ኧረ ቶሎ በሉ!» እያልኩ በሩን ደበደብኩ።

እትዬ ዘነበች ከውስጥ ጮኹብኝ፦

«ዝም በል! ስንት ማንኪያ እንደሚጠጣ ብትነግረኝ ኖሮ እዚህ እውል ነበር?»