የወንጌላዊ ደረሳ ሳቅ

ነቀምቴ ውስጥ የመዘምራን ልብስ ማሰፋት የፈለገ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ መጨረሻው ሊሊሴ ደረሳ ዘንድ ነው። ከሲሬም ከቢላም ልኬት ይዘው ይመጡባታል። የሠላሳ ሰው ልብስ ሰፍታ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ዝቅ አይልም። እሷ ራሷ ግን አትዘምርም። እሑድ ጉባኤው ለመዝሙር ሲነሣ አብራ ትነሣለች፤ ከንፈሯ ግን አይንቀሳቀስም። ድምፅ አልፈጠረባትም የሚሉ አሉ፤ አታስተባብልም።

ድምፅስ ነበራት። ዲጋ ውስጥ፣ አባቷ በወንጌላዊነት በሚያገለግሉባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ በስምንት ዓመቷ ከሕፃናት መዘምራን ፊት የምትቆመው እሷ ነበረች። ያ ያበቃው በአንድ የሰኔ እሑድ ነው። አምልኮው እንዳለቀ ዶፍ ወረደ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ቀይ ዳገት ሲርስ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ ልጆቹ የኮባ ቅጠል ላይ እየተቀመጡ ቁልቁል ይንሸራተቱ ጀመር። ሊሊሴ የመዝሙር ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች ገባችበት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጃንጥላ ዘርግተው ሲወጡ ከዓይኗ በቀር ጭቃ ያልነካው ቦታ አልነበራትም። አባቷ አርጩሜ ቆርጠው መጡና በሰው ፊት ገረፏት። ግርፋቱ በሳምንቱ ተረሳ። ያልተረሳው ቃላቸው ነው።

"እግዚአብሔር እንዳንቺ ባለች ልጅ ደስ አይለውም" አሏት።

በሚቀጥለው እሑድ ከመዘምራኑ ፊት ስትቆም ድምፅዋ እምቢ አለ። አንድ ጊዜ ሞከሩ፣ ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ከዚያ ሌላ ልጅ ተተካች።

አድጋ ነቀምቴ ገባች፤ ስፌት ተማረች፤ ኢቢሳ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ አግብታ ሦስት ልጆች ወለደች። አባቷ ሊጠይቋት ሲመጡ ምግብ ታቀርባለች፤ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ይነጋገራሉ፤ ቀኑ ሳይመሽ ይሸኛሉ። የዛሬ ሦስት ዓመት በጠና ሲታመሙ፣ አብሯቸው የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ታፋ ስልክ ደወለላት። አባባ እየጠሩሽ ነው፣ የምነግራት አለኝ ይላሉ አላት። ለፋሲካ የሚደርስ የአርባ ሰው ልብስ በእጇ ነበርና ከበዓሉ በኋላ እመጣለሁ አለችው። እውነት ነው፣ ሥራው ነበረባት። ግን ሁለት ረዳቶችም ነበሯት፤ ያን ያህል የሚያስቀር አልነበረም። አባቷ በጸሎተ ሐሙስ ዐረፉ። ለቀብር ሄደች፤ አላለቀሰችም፤ ሰውም ይህን አየባት።

ዘንድሮ በሴቶች የጸሎት ቡድን ውስጥ አሜን የምትባል ወጣት አስተማሪ አዲስ ነገር አመጣች። እያንዳንዷ በልጅነቷ በጣም የተደሰተችበትን ቀን እንድታስታውስና እግዚአብሔር በዚያች ሰዓት እሷን እያየ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር እንድታስብ ጠየቀቻቸው። አንዷ ማንጎ ዛፍ ላይ የዋለችበትን ቀን አወራች፤ ሌላዋ ከወንድሞቿ ጋር ዲዴሳ ወንዝ የወረደችበትን። ተራው ሊሊሴ ጋ ሲደርስ እኔ የለኝም አለች። አሜን ትንሽም ብትሆን አንዲት ቀን ትኖርሻለች ብትላት፣ ቦርሳዋን አንሥታ ሥራ አለብኝ ብላ ወጣች።

በዚያው ሳምንት ለአባቷ እህት ለአዳዳ ጸሐይወርቅ የሰፋችላትን ቀሚስ ይዛ ዲጋ ወረደች። አዳዳ ሰማንያ አልፏታል፤ ዓይኗ ደክሟል፤ ማስታወሱ ግን እንዳለ ነው። ቀሚሱን በእጇ እየዳሰሰች ሳለ ሊሊሴ ሳታስበው የጸሎት ቡድኑን ነገር አወራቻት። እንደ ቀልድ ነበር የጀመረችው። እኔ የማስታውሰው የአባቴን አርጩሜ ብቻ ነው ስትል ግን ድምፅዋ ተሰበረ።

አዳዳ ቀሚሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ከአርጩሜው በፊት የነበረውን አታውቂም" አለቻት።

በዚያ እሑድ አዳዳና ወንድሟ፣ የሊሊሴ አባት፣ ሽማግሌዎቹ ገና ውስጥ ሳሉ ከጣራው ክፈፍ ሥር ተጠልለው ቆመው ነበር። ሊሊሴ ከላይ እየዘመረች፣ ዝናቡ አፏ እየገባ፣ ቁልቁል ስትወርድ ሁለቱም አዩ። ወንጌላዊው ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ፣ ምሰሶውን ይዘው ሳቁ።

"ጸሐይ፣ እያት። እግዚአብሔር ሲፈጥራት እንደዚህ ሳይስቅ አይቀርም፤ አለኝ" አለች አዳዳ። "ከዚያ ሽማግሌዎቹ ወጡ። አንዱ፣ ይቺ የወንጌላዊው ልጅ አይደለችም እንዴ አለ። ወንድሜ ፊቱ ተለወጠ። ፈራቸው። ሌላ ምንም አይደለም፣ ፈራቸው።"

ሊሊሴ ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገረቻት ጠየቀች። አዳዳ፣ አባትሽ እኔው ራሴ እነግራታለሁ ብሎ አፌን ይዞኝ ነበር አለች። ሲታመም የጠራሽ ለዚያ ነው። ለቅሶ ላይ ልነግርሽ ነበር፣ ፊትሽን አይቼ ተውኩት አለቻት።

ሊሊሴ ተቆጣች። በአዳዳ ተቆጣች፣ በሞቱት ሽማግሌዎች ተቆጣች፤ ከሁሉ በላይ በዚያ የፋሲካ ሥራዋ ተቆጣች። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ ስትመለስ ግን ያ ዳገት ሳይጠሩት መጣ። የቅጠሉ ቅዝቃዜ፣ ጥርሷ ውስጥ የገባው አፈር፣ የጮኸችው መዝሙር። ተደስታ ነበር። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ደስታ እንደ ጥፋት ስትቆጥረው ኖራለች።

በሚቀጥለው ረቡዕ ለሴቶቹ ሁሉንም ነገረቻቸው። አሜን፣ እንግዲህ እግዚአብሔርም ከአባትሽ ጋር ይስቅ ነበር ማለት ነው አለች።

"ይስቅ ነበር" አለች ሊሊሴ። "አርጩሜውን የቆረጡት አባቴ ናቸው፤ እሱ አልቆረጠም። ይህን ለመለየት አርባ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ሳቅዎን ሰማሁ ብዬ የምነግራቸው ሰው ግን አፈር ውስጥ ናቸው።"

አሜን ጸሎት አቀረበች፤ አጭር ጸሎት ነበር።

ማታ ለታፋ ደወለችለት። አባታቸውን እስከ መጨረሻው ያገላበጠ፣ ያጠበ፣ ያጎረሰ እሱ ነውና ደስ ይለዋል ብላ አስባ ነበር። አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ስትጨርስ አባባ ሲስቁ ማየቱን ለማስታወስ እንደሞከረ፣ አንድም ቀን እንዳጣ ነገራት።

"አንቺስ አገኘሽ" አላት።

ስልኩን ሁለቱም አልዘጉትም። የወንድሟን ትንፋሽ ብዙ ደቂቃ ሰማች።