ሥጋ ያለው መኪና

ብሩክታይት በሬ መምረጥ እንደማትችል ታውቃለች። የባሏ የደገፉ ዘመዶች ግን መኪና መምረጥ እንደማይችሉ ዛሬም አያውቁም።

ባልና ሚስቱ ሶዶ እየኖሩ ተበላ በምትባል ጎረቤት ከተማ ያስተምራሉ። የብሩክታይት ቀኝ ጉልበት ካበጠ ወዲህ ሚኒባስ ውስጥ ታጥፎ መቀመጥ ስቃይ ሆነባት። ሐኪሙም "ሚኒባሱን ካልተውሽ ሥራውን ትተዪዋለሽ" ብሎ ቁርጡን ነገራት። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረች ሴት ክፍሏን እንዴት ትተዋለች? ጥሪቷን አሟጣ አሮጌ መኪና ማፈላለግ ጀመረች። ነዳጅ አይፍጅ እንጂ መልኩ አላሳሰባትም።

መካኒኩ ኤርካሎ በሯ ላይ ቀለሟ የተላጠ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና አገኘላት። አስነስቶ ጭሷን አየ፣ ዘይቷን በጣቱ አሸት አደረገ፣ ዳገት አውጥቶ መለሳት።

"በሦስት ሊትር ተበላ ደርሳ ትመለሳለች። መለዋወጫዋም የትም አለ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ምንም" አለች ብሩክታይት።

ደገፉ ግን አጎቱን ጋሽ ጩማን ሳያማክር አይሆንለትም። በእነሱ ቤት የወላይታ ዘመን መለወጫ የጊፋታ ቅርጫ በሬ ያለ ጋሽ ጩማ ተገዝቶ አያውቅም፤ እሳቸው ጀርባውን ዳብሰው ሻኛውን ካልጨበጡ ገመዱን የሚይዝ የለም። መኪና ታዲያ ከበሬ ያንሳል? ሽማግሌው ተጠሩ። ዕድሜ ልካቸውን መሪ ጨብጠው የማያውቁት ሰውዬ ትንሿን መኪና አንዴ ዞሯትና ከንፈራቸውን ጣሉ።

"ይሄ የከሳ ጥጃ ነው! በዚህ ነው ለጊፋታ አገር ቤት የምትገባው?"

ከዚያ አጠገቧ የቆመውን ሰፊና አብረቅራቂ መኪና ጎኑን በጥፊ መቱት።

"እሱን ያዝ። ሥጋ አለው።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ነዳጅ ይጨርሳል" አለ ኤርካሎ።

"የማይበላ በሬ ያርሳል እንዴ?"

ደገፉ፣ ያ ጅል፣ ሳቀ። ሚስቱ እጁን ብትጎትተው "በሽማግሌ አፍ አልገባም" ብሎ ትልቁን ገዛ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፤ ትንሿን በማግስቱ ሌላ ሰው ወሰዳት።

ባለሥጋው ለአንድ ቀን መንገድ ሰባት ሊትር ጠጣ። ሁለት ወር ሳይሞላው የነዳጁን ወጪ ስላልቻሉት ደጅ ተገተረ፤ ደገፉ ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥበዋል። ለማን እንደሚያጥበው እግዜር ይወቅ። ብሩክታይት ወደ ሚኒባሱ ተመለሰች። ሰኔ ላይ ጉልበቷ አልታጠፍ አለ፤ መስከረም ሲጠባ ክፍሏን ለሌላ አስተማሪ አስረከበች።

ለጊፋታ ጋሽ ጩማ መጡ። ገና ከበሩ የመኪናውን ጎን መታ መታ አደረጉ።

"አየሽ ልጄ፣ አልከሳም!"

ብሩክታይት በምርኩዟ ተደግፋ ቆማ ነበር።

"አልከሳም፣ ጋሽ ጩማ። በሬ ቢሆን ዛሬ አርደን እንገላገለው ነበር። ይሄ ግን ቀድሞ እኔን አረደኝ።"

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው።