በረዶ ያዥዋ ነርስ

ጅዳ ውስጥ የመጀመሪያ ሥራዬ የሰው ጉንጭ ላይ በረዶ መያዝ ነበር። ወሎ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ስድስት ዓመት ቀዶ ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። መብራት በጠፋ ጊዜ በሞባይል ብርሃን ለሐኪሙ መቀስ እያቀበልኩ እናት ከነልጇ ስትተርፍ አይቻለሁ። ጅዳ ደግሞ ወይዛዝርት ከንፈራቸውን በመርፌ ሲያስነፉ፣ በረዶ በጓንት ጠቅልዬ እንደ ሻማ ያዥ አጠገባቸው እቆማለሁ።

የላከኝን የኤጀንሲ ሰው "ሥራው ኦፕሬሽን ክፍል ነው አይደል?" ብዬ በጠየቅሁት ቁጥር "ኢንሻአላህ" ይለኝ ነበር። የአላህን ስም የውሸቱ መጠቅለያ የሚያደርግ ሰው ሁልጊዜም ያስጠላኛል። ግን ፈረምኩ። ውሉ ላይ የተጻፈው "ነርስ" የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ በዚያች አንዲት ቃል ስንት ነገር እንደሚሸጥ የገባኝ ከደረስኩ በኋላ ነው።

የክሊኒኩ ሙዲር፣ ማለትም ሥራ አስኪያጁ፣ ሐኪም አልነበረም፤ ነጩን ጋውን ግን ከሐኪሞቹ ይልቅ የሚለብሰው እሱ ነበር። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይገባል፣ እሱ ከወጣ በኋላም ይቆያል። በመጀመሪያው ቀን ቀዶ ጥገና ክፍሉ የት እንደሆነ ጠየቅሁት።

"እዚህ ቀዶ ጥገና የለም፤ እኛ ደም አንወድም" ብሎ ሳቀ።

"እኔ የቀዶ ጥገና ነርስ ነኝ።"

"ነርስ ነርስ ነው። ያላ፣ ወደ ሥራ።"

መልስ ነበረኝ። አረብኛዬ ግን ያኔ ለመልሱ አልበቃም።

እንዲህ ሆኜ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀረ። አንዲት ማዳም ገና አልኮል ሲቀባላት "ሞትኩ!" ብላ ክንዴን በጥፍሯ ቧጨረችኝ፤ ደሜ ሲንጠባጠብ አይታ ወንበሩ እንዲጸዳላት አዘዘች። ሌላዋ ባለፈው ወር ያስነፋችው ከንፈሯ ከእህቷ ከንፈር አንሷል ብላ ልትከስ መጣች። በልቤ ሳልንቃቸው የዋልኩበት ቀን የለም። ከሁሉ ይበልጥ የናቅሁት ግን ራሴን ነው፤ ምክንያቱም የቅባቶቹን ስም ሁሉ በቃሌ አወቅሁ፣ "ማሻአላህ፣ አማረብሽ" ማለትም ተማርኩ።

ጃሚዓ በሚባለው ሰፈር ክፍል የተጋራኋት የአገሬ ልጅ ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ "እታለም" እላታለሁ፤ እሷ "ሲስተር" ትለኛለች። በአንዲት የማደንዘዣ ሐኪም መኖሪያ የቤት ሠራተኛ ነበረች። አንድ ጁምዓ ልብስ እያጣጠፈች፣

"ሲስተር፣ ማዳሜ በስልክ ስትናደድ ሰማሁ" አለችኝ። "መካ ያለው ሆስፒታላቸው ኦፕሬሽን ላይ የሚቆም ነርስ አጥቷል። ስምሽን ልንገራት?"

እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝን ነገር ያን ጊዜ ተናገርኩ። "እኔ በቤት ሠራተኛ አማላጅነት ሥራ አልገባም" አልኳት።

"እሺ" ብቻ አለች። ሂጃቧን አስተካክላ ወጣች። ሙዲሩ ከነሽቶው በእኔ አፍ የተናገረ መሰለኝ።

ዐሥር ቀን ያህል እንደ ደህና ሰው አብረን በላን፣ አብረን ተኛን። በመጨረሻ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ፣

"እታለም፣ አውፍ በይኝ። ያ የመካው ሥራ ተይዞ ይሆን?" አልኳት።

"አልተያዘም። ስምሽን ነግሬያታለሁ።"

"መቼ?"

"ያን ዕለት። እምቢ ያልሽው እኔን እንጂ ሥራውን መች ነው።"

በሳምንቱ መካ ሄድኩ። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ነርሶች ኃላፊ ለጡረታ የደረሰች፣ አጭር የህንድ ሴት ናት። ወረቀቶቼን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ወደ ጎን ገፋቻቸው። የተደበላለቀ የቀዶ ጥገና ዕቃ የሞላበት ሳህን አምጥታ፣ "ለወሊድ ቀዶ ጥገና ደርድሪ" አለችኝ። ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው ሄዱ። ቢላዋ፣ መቀስ፣ መቆንጠጫ። ደም ሥር የሚይዘውን አንዱን መቆንጠጫ ግን ለብቻው አስቀመጥኩት።

"ይሄስ?"

"ጥርሱ አይገጥምም፤ ይለቃል።"

አንስታ ሞከረችው፤ ለቀቀ። ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ፣

"ያለፉትን ሁለት ዓመታት የት ነበርሽ?" አለች።

ነገርኳት።

"ክሬም ስትቀቢ ከከረምሽ ጠረጴዛዬ አጠገብ ዛሬ አላቆምሽም። እጅ ይዝጋል። ከፈለግሽ ዕቃ ማምከኛው ክፍል ቦታ አለ፤ ታጥቢያለሽ፣ ታጥፊያለሽ፣ በእንፋሎት ትቀቅያለሽ። ከዚያ እናያለን።"

እስከ ጅዳ በንዴት ተቃጥዬ ተመለስኩ። "ዕቃ አጣቢ ልታደርገኝ ነው!" ብዬ ለእታለም ጮህኩባት።

"እኔ ስንት ዓመት ዕቃ አጠብኩ" አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። "ሰው አይደለሁም?"

በነጋታው ለሙዲሩ ውሌ ሲያልቅ እንደማልቀጥል፣ ኢቃማዬንም፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቴ ነው፣ ወደ አዲስ አሠሪ እንደማዛውር ነገርኩት።

"ወዴት?"

"መካ። ሆስፒታል፣ ኦፕሬሽን ክፍል።"

ከልቡ ሳቀ። "ሐበሻ ኦፕሬሽን ክፍል የምትገባው ወለል ልታጥብ ነው።"

"እዚህስ ምን ነበርኩ?" አልኩት። በዚህ ጊዜ አረብኛዬ በቅቶኛል። "አንተ ጋውን ለብሰህ ሐኪም ካልሆንክ፣ እኔም ወለል ባጥብ ነርስነቴ አይጠፋም። ኸላስ።"

ወረቀቴን ለመልቀቅ አንድ ወር አመላለሰኝ፤ የሚችለው ያን ብቻ ነበርና።

መካ፣ ሩሰይፋ፣ የሆስፒታሉ ሠራተኞች መኖሪያ ገባሁ። ስምንት ወር በእንፋሎት ውስጥ ኖርኩ። ከቀዶ ጥገና የተመለሰ ሳህን ስለ ሐኪሙ ብዙ ይናገራል። አንዱ ዕቃውን ከነስለቱ ወርውሮ ይልካል፤ የአጣቢዋ ጣት ጣት አይመስለውም። አንደኛው ቀዶ ሐኪም በተለይ፣ በአገሩ ትልቅ ስም አለው የሚባለው፣ የደረቀ ደም ያለበት ዕቃ መሐል የሻይ ስኒውን ጨምሮ ልኮልናል። ስኒውን አጥቤ አልመለስኩለትም። ጣልኩት።

የሐጅ ወቅት ሲደርስ ዓዚዚያ የሚባለው የመካ ሰፈር በሑጃጅ ሞላ፤ ሆስፒታሉም እንደዚያው። አንድ ከሰዓት አንጀቱ የታጠፈ ሽማግሌ ሐጂ ገባ። ሁለቱ ነርሶች ሌላ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፣ ሦስተኛዋ ታማ ቀርታለች። ኃላፊዋ የማምከኛውን በር ከፍታ፣

"ያላ፣ ታጠቢና ግቢ" አለችኝ።

ክንዴን እስከ ክርኔ ታጥቤ፣ ጋውንና ጓንት ለብሼ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀን ባለ ስኒው ሐኪም ነበር።

"ይቺ ማናት?"

"የእኔ ነርስ ናት" አለች ኃላፊዋ።

"ከዕቃ ማጠቢያው አይደለም እንዴ የመጣችው?"

ቢላዋውን ሰጠሁት። ለአንድ ሰዓት ያህል ሌላ ነገር አላሰብኩም። ከአፉ ቃል ሳይወጣ የሚፈልገው መዳፉ ላይ ያርፍ ነበር። ይህን እንኳ አላስተዋለም።

የሽማግሌውን ሆድ ሊዘጋ ሲል እንደ ደንቡ ጎዙን ቆጠርኩ፤ ደም የምንመጥበትን ጨርቅ ማለቴ ነው። አንድ ጎደለ። ደገምኩ። ያው ነው።

"ዶክተር፣ አንድ ጎዝ ይጎድላል።"

"ወለል ላይ ይሆናል። ክር ስጪኝ።"

ወለሉ ታየ፣ ቅርጫቱ ተገለበጠ። የለም።

"ሆዱ ውስጥ ነው" አልኩ።

"ሳህን እንደምትቆጥሪ አትቁጠሪ። እኔ ውስጥ የተውኩት ነገር የለም። ክር!"

ክሩ እጄ ላይ ነበር። "አልሰጥም" አልኩ።

ኃላፊዋ ከበሩ አጠገብ ሆና፣ "ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ቁጥሩ ካልሞላ አይዘጋም" አለችው። እየተሳደበ እጁን ወደ ሽማግሌው ሆድ መለሰ። ከጉበት ሥር፣ ደም ጠጥቶ ሥጋ የመሰለውን ጎዝ ጎትቶ አወጣ። ሳህኔ ላይ ጣለው። ይቅርታም፣ ምስጋናም የለም።

"ክር" አለ ዝቅ ብሎ። ሰጠሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ስሜ የቀዶ ጥገና ክፍሉ ተረኞች ዝርዝር ላይ ወጣ። ሐኪሙ ጎዙን ራሱ ተጠራጥሮ እንዳገኘው ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያውራ። እስከ አሁን "ያ ሐበሺያ"፣ አንቺ ሐበሻ፣ እያለ ይጠራኛል፤ ስሜን ቢያውቀውም ባያውቀውም ጉዳዬ አይደለም።

ያን ሰሞን ለእታለም ደውዬ ታሪኩን አንድ በአንድ አወራሁላት፦ ሰውዬው እንዴት እንደሰደበኝ፣ እኔ እንዴት እንደመለስኩ፣ እንዴት እንደተዋረደ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"ሽማግሌውስ?" አለች በመጨረሻ።

"የቱ ሽማግሌ?"

"የታመመው ነዋ!"

ያን ሁሉ ሳወራ አንዴም አላነሳሁትም። በስድስተኛው ቀን ልጁን ተደግፎ በእግሩ እንደወጣ ነገርኳት።

"አልሐምዱሊላህ" አለች። "እሱን ነበር መጀመሪያ የምትነግሪኝ።"